«የ68ቱ ዋንጫ» የትኛው ነው? ሦስት ጊዜ አስተናግደን ምን ምልክት ቀረን?

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ስታዲየም አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ቴሌቪዥኑ የእንግሊዝን ኳስ ያሳያል፤ ቤቱ በአርሴናልና በማንቸስተር ማሊያ ለሁለት ተከፍሎ ይንጫጫል። ጥግ ይዘው ማኪያቷቸውን የሚያማስሉ አንድ አዛውንት ግን ወደ ስክሪኑ ዞር ብለውም አያዩም። ኳስ የማይወዱ መስሎኝ ነበር። ወሬ ስንጀምር ሰውዬው ካምቦሎጆ ያሳደጋቸው ሆነው ተገኙ።

«ጋሼ፣ የ68ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያስታውሱታል?» አልኳቸው።

«የትኛውን 68? የእኛን ነው የፈረንጆቹን?»

ጥያቄያቸው ቀልድ አልነበረም። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች፤ በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም.። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲነበብ 1962፣ 1968 እና 1976 ይሆናል። ስለዚህ «የ68ቱ» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ የውጭ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን ያሸነፈችበትን ይነግራችኋል፤ ሜዳ ገብቶ ያየ ሰው ደግሞ ሞሮኮ ዋንጫውን ይዛ የሄደችበትን። በሁለቱ «68»ቶች መካከል ስምንት ዓመትና አንድ አብዮት አለ።

«ሁለቱንም አይቻለሁ» አሉ አዛውንቱ። «የ54ቱን ግን አባቴ አላስገባኝም። ልጅ ነህ ትረገጣለህ አለኝ። ውጭ ቆሜ ጩኸቱን ነው የሰማሁት።»

አጠገባችን የነበረ አንድ የአርሴናል ማሊያ የለበሰ ወጣት ጆሮውን ወደኛ ጥሎ ኖሯል። «ቆይ ቆይ፣ የአፍሪካ ዋንጫ እዚህ? አዲስ አበባ ላይ ነው የምትሉት?» አለ።

ልጁ አላዋቂ ሆኖ አይደለም። የአርሴናልን የ2004 ቡድን ከበረኛው እስከ ተቀያሪው ይቆጥርላችኋል። ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ ዋንጫ መብላቷንም ሰምቷል። ያልሰማው ዋንጫው የተበላበት ቦታ እሱ ማኪያቶ ከሚጠጣበት ወንበር ሁለት መቶ እርምጃ እንኳ እንደማይርቅ ነው። እኔም በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህን ልጅ እጁን ይዤ «ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ነው» ልለው ብፈልግ ወዴት ነው የምወስደው? ምን ነገር ነው የማሳየው? ይህ ጽሑፍ ከዚያ እሁድ በኋላ በየአጋጣሚው ያደረግኩት ፍለጋ ውጤት ነው።

ከዋንጫው ልጀምር፤ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን። ለፍጻሜ የቀረበችው ግብፅ ናት፤ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ከዚያ በፊት የተካሄዱትን ሁለት ዋንጫዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ፣ በ1959 ደግሞ ካይሮ ላይ፣ ሁለቱንም የወሰደችው እሷ ናት። ሁለቱንም ጊዜ እኛን 4 ለ 0 ቀጥታናለች። ቡድናችን በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ነው እዚህ የደረሰው።

በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ በደዊ አስቆጠረ። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ይህ ውጤት ጸና። ከዚያ አቻ ሆንን። ደስታው ሳያልቅ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ በደዊ ደገመ፤ 2 ለ 1። አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረገና ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት አመራ። በ101ኛው ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ በ117ኛው ደቂቃ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገባ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ጃንሆይ በእጃቸው ለሉቺያኖ ሰጡት።

ታዲያ ያ ዋንጫ የት ነው? እዚህ የለም። የካፍ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በነበሩት በግብፃዊው አብደል አዚዝ አብዳላህ ሳሌም ስም የሚጠራው የብር ዋንጫ ተሸጋጋሪ ነበር። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ አገር ለዘለቄታው እንዲያስቀረው ደንብ ወጥቶ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ጋና ለሦስተኛ ጊዜ ስታሸንፍ ወሰደችው፤ ከዚያ ወዲያ የጋና ሆኖ ቀረ። የእኛ ድርሻ እንግዲህ አንድ ጊዜ ይዞ መመለስ ነበር ማለት ነው። በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም፤ ደንቡ ነው።

ዋንጫ ያለው ሁሉም ጠብቆ ይዟል ማለትም አይደለም። ከአህጉሩ አገሮች ሁሉ በላይ ብዙ ጊዜ ያሸነፈችው ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2020 የእግር ኳስ ማኅበሯ መጋዘን ሲፈተሽ ዋንጫዎች ጎድለው ተገኙና ምርመራ ተከፈተ። ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በእሳት ተቃጥሎ ነበር። በጎረቤት ኪሳራ አንሳቅም፤ ብቻ ዕቃ መያዝና ትዝታ መያዝ ለየቅል መሆናቸውን ለማሳየት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ሥዕሉ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የ54ቱ ፍጻሜ ሲካሄድ በአገሪቱ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ ያሉን ጥቂት ፎቶዎችና የያኔው ጋዜጦች ናቸው። ማየት የሚፈልግ ሰው ወመዘክር ገብቶ የዚያን ጥር አዲስ ዘመን ማስወጣት ይችላል፤ እኔ የምመክረው ነው፣ የወረቀቱ ሽታ ብቻ ያስደስታል። ግን መንገድ ላይ የሚሄድ የኳስ አፍቃሪ ወመዘክር አይገባም። ምልክት የሚባለው ሳይፈልጉት የሚያገኙት ነገር ነው።

ወደ ስታዲየሙ ራሱ እንሂድ። በአንዳንድ ሰነዶች ላይ የአዲስ አበባ ስታዲየም በይድነቃቸው ተሰማ ስም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ይገባቸዋል። ከካፍ መሥራቾች አንዱ ናቸው፤ የ54ቱን ቡድን የመሩትም እሳቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስኪያርፉ ድረስ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ታክሲ ላይ ግን «ይድነቃቸው ወራጅ አለ» ብትሉ ረዳቱ ግራ ይጋባል። «ስታዲየም» ነው፤ ባቡር ጣቢያውም «ስታዲየም» ነው። የጥንቱ ሰው ደግሞ ጣሊያንኛ ጣሊያንኛ በሚሸት ስሙ «ካምቦሎጆ» ይለዋል።

በአጥሩ ዙሪያ ስዞር የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በዚህ ሜዳ ላይ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆናለች» የሚል፣ አላፊ አግዳሚ የሚያነበው ጽሑፍ። እኔ አላየሁም። አየሁ የሚል አንባቢ ካለ ቦታውን ይጠቁመኝ፤ ይቅርታ ጠይቄ በዚሁ ገጽ አወጣዋለሁ።

ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ስሞች አገኘሁ። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፣ ትሪቡን። የስታዲየም ሰው እነዚህን ሲሰማ የት እንደተቀመጠ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ምን እንደተሰደበ ሳይቀር ትዝ ይለዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ካታንጋ ነው። ስሙ የመጣው ከኮንጎዋ ካታንጋ እንደሆነ ይነገራል። ካታንጋ ከኮንጎ ተገንጥላ ጦርነት የነበረው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1963 ነው፤ የኢትዮጵያ ወታደሮችም በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር እዚያው ኮንጎ ዘምተው ነበር። በሬዲዮ ጠዋት ማታ ካታንጋ፣ ካታንጋ ይባላል። እና ረብሻ የማያጣውን፣ ትኬቱ ርካሽ የሆነውን ወገን ሰዉ ካታንጋ አለው። የ54ቱ ዋንጫ የተበላው በዚያው ዘመን መሐል ነው። ማንም ኮሚቴ አልሰየመውም፤ ማንም ሪባን አልቆረጠለትም። ግን ያንን ዘመን እስከዛሬ በአፋችን ያቆየልን ይህ ቃል ነው።

ወደ ፈረንጆቹ 68 ልሻገር፤ የእኛው 1960። ይህኛው ዋንጫ ስምንት አገሮች የተሳተፉበት፣ በሁለት ከተሞች የተካሄደ ነበር፤ አዲስ አበባና አስመራ። እዚህ አዲስ አበባ ላይ ቡድናችን ኡጋንዳን 2 ለ 1፣ አይቮሪኮስትን 1 ለ 0፣ አልጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ድል! ከዚያ ግማሽ ፍጻሜው መጣ፤ ቀኑ ጥር 10፣ የከተራ ዕለት ነው። ታቦት በሚወጣበት ቀን በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፍን። አዛውንቱ ይህን ሲነግሩኝ «የዚያን ቀን ጃን ሜዳ የወረደው ሰው ግማሹ እያለቀሰ ነበር» አሉኝ። አጋነኑ ብዬ አላቋረጥኳቸውም።

ጥር 12 ቀን ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን በካላላ ጎል 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ይህ ዋንጫ ለዓለም ያስተዋወቀው አንድ ልጅ ግን የሦስተኛዋ የአይቮሪኮስት ነው፤ ሎራን ፖኩ። ስድስት ጎል አስቆጥሮ የጎል አግቢነቱን ወሰደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሱዳን ላይ ስምንት ጨመረበት። አሥራ አራቱ ጎል ሳይነካ ቆይቶ ሳሙኤል ኤቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የበለጠው። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ ለአርባ ዓመት ገደማ የቆመው ክብረ ወሰን የተጀመረው እዚህ፣ በእኛ ሜዳ ነው ማለት ነው። ይህን የሚናገር ምልክት ቢኖር የአይቮሪኮስት ቱሪስት ራሱ መጥቶ ፎቶ ይነሳበት ነበር።

አስመራስ? ለፍጻሜ የደረሱት ጋናና ኮንጎ ኪንሻሳ ሁለቱም የአስመራ ምድብ ቡድኖች ናቸው፤ እዚያ ሲገናኙ ጋና 2 ለ 1 አሸንፋ ነበር። የዚያ ዋንጫ ግማሽ ትዝታ ያለው አስመራ ነው። አስመራ ደግሞ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የሌላ አገር ዋና ከተማ ናት። በ54ቱ ቡድን ውስጥም ከአስመራ የመጡት ብዙ ነበሩ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደው አስመራ ነው፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። የአንድ ቡድን ታሪክ ለሁለት አገር ተከፍሏል ማለት ነው፤ ሁለቱም ወገን ሙሉውን ለማክበር ይቸገራል።

የእኛውን 68 በተመለከተ ከአዲስ አበባ ይልቅ የሚናገረው ድሬዳዋ ነው። ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር የተጫወቱት እዚያ ነበር። ዛየር ማለት ያኔ የአፍሪካ ሻምፒዮን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ዋንጫውን በልታ በዚያው ዓመት ጀርመን ላይ ለዓለም ዋንጫ የቀረበች ናት። ድሬዳዋ ላይ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ከምድቡ መጨረሻ ሆና ተሰናበተች። ሻምፒዮኗን ያሰናበተች ከተማ ብትባል ድሬዳዋ ትኮራበታለች እንጂ አታፍርበትም። የእኛ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸንፎ፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፎ፣ ከግብፅ 1 ለ 1 ወጥቶ ከምድቡ አላለፈም። ያ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም፤ አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጫውተው ነው አሸናፊው የለየው። መጋቢት 5 ቀን 1968 ዓ.ም. ጊኒ ሞሮኮን 1 ለ 0 እየመራች፣ ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሞሮኮ አቻ አደረገች። አቻው በቃት። ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ይዛ ካዛብላንካ ገባች።

እንግዲህ ሦስት ዋንጫ አስተናግደናል፤ ለዓይን የሚታይ ነገር ግን የለም። ለምን? «እኛ ታሪክ አንወድም» የሚለውን የለመድነውን መልስ አልቀበለውም። ታሪክ የማይወድ ሕዝብ ካታንጋን ስድሳ ዓመት በአፉ አይዝም። እኔን የሚመስለኝ ሌላ ነው። የ54ቱ ትልቁ ፎቶ ጃንሆይ ዋንጫ ሲሰጡ የሚያሳይ ነው፤ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ እንዲህ ያለ ፎቶ በመንግሥት ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አልነበረም። ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ራሱ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ ሮም ላይ ኖረ። የ60ው ግማሽ ትዝታ አስመራ ቀረ። የ68ቱን ያስተናገደው መንግሥት በ1983 ሲወድቅ ያስተናገደውም ነገር አብሮ ተረሳ። ያየነው ነገር ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ዋንጫ ከሚቀጥለው መንግሥት ጋር የማይስማማ ፊት ነበረው። ኳሱ ምንም አላደረገ፤ አብሮ ተቀበረ።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚያደርጉት ሩቅ ሄጄ አልፈልግም፤ ለእኛው ሰው ያደረጉትን ልጥቀስ። ሮም ላይ ቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮ በሚባለው ጎዳና ግድግዳ ላይ ስለ አበበ ቢቂላ የእ.ኤ.አ. 1960 ድል የሚናገር ሰሌዳ ተለጥፏል። በዚያው ድል 50ኛ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን 300 ሜትሮች ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ። ከሮም ወጣ ብላ ባለችው ላዲስፖሊ ደግሞ የእግረኛ ድልድይ በአበበ ስም ተሰይሟል። አሸናፊው የእነሱ ሰው አይደለም፤ እንደውም ከጣሊያን ጋር የነበረንን ሂሳብ ሁሉም ያውቀዋል። ሆኖም መንገዱ የሮም ነው፤ በመንገዳቸው ላይ የሆነውን ጻፉት።

አፍሪካ ውስጥም አለ። የናይሮቢው ካሳራኒ የተሠራው ለ1987ቱ (እ.ኤ.አ.) የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች ነው። አቡጃ ላይ የ2003ቱ ጨዋታዎች ተሳታፊዎች ያረፉበት ሰፈር ዛሬም ስሙ የጨዋታዎቹ መንደር ነው። እኛ ጋ ለምሳሌ በ1993 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ፣ አንጎላ ጋናን አሸንፋ ሻምፒዮን ስትሆን፣ ልጆቻችን አራተኛ ወጥተው አርጀንቲና ላይ ለተደረገው የዓለም ወጣቶች ዋንጫ አልፈው ነበር። ያ ገና ትናንት ነው። ያን ዓመት የት እንደዋላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከትዝታችሁ ውጭ ግን ምን አለ?

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሳው ትዝታ ለማሞቅ ብቻ አይደለም። ሁለት ነገሮች ስለገጠሙ ነው።

አንደኛው ስደቱ ነው። ስታዲየሞቻችን የካፍን ደረጃ አላሟሉም ተብለው ከታገዱ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር አደረገ። ኅዳር 2014 ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ አስተናገድን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ስታዲየሙ ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ግብፅን አዲስ አበባ ላይ ካሸነፍንበት ከ54ቱ ፍጻሜ ስድሳ ዓመት ቆይተን፣ ያንኑ ግብፅ ስናሸንፍ የሚጮኽ ካታንጋ አልነበረንም። እንደገና መጋቢት 12 ቀን 2017 ግብፅን «ስናስተናግድ» ደግሞ ሜዳው ካዛብላንካ ሆነ፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከአዲስ አበባ ሜዳ ዋንጫ ይዛ የሄደችው ሞሮኮ ሜዳ ሰጠችን ማለት ነው። ይህን ሳስብ መሳቅም ማልቀስም ያምረኛል።

ሁለተኛው እድሳቱና ግንባታው ነው። አሮጌው ስታዲየም ወደ እድሳት ገብቷል፤ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የተነደፈው አደይ አበባም ሲገነባ ዓመታት አስቆጥሯል። በጥቅምት 2017 የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ሲቀመጥ ኢትዮጵያ የ2029ኙን (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እንደምትፈልግ ተነግሯል። ከተማዋ ራሷ በኮሪደር ልማት መልኳን ቀይራለች፤ ትናንት «እዚህ ጋ ነበር» ያልነውን ዛሬ ቆመን መጠቆም ያቅተናል። እድሳት ጥሩ ነው፤ ወንበር ይገባል፣ መጸዳጃ ቤቱ ይስተካከላል፣ ይህን የሚቃወም ሚስማር ተራ ያልተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን እድሳት ሲያልቅ በየበሩ ላይ «በር 7»፣ «ብሎክ ሐ» የሚል ቀለም ይቀባና ካታንጋ የሚባለው ከአንድ ትውልድ በኋላ ይጠፋል። ይህ ነው የሚያሰጋኝ።

ምን ይደረግ ለሚል፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የመቀመጫዎቹን ስም በበሮቹ ላይ መጻፍ ቀለም ብቻ ነው የሚፈጀው። ጥር 13 ቀን 1954 የተሰለፉትን አሥራ አንድ ሰዎች ስም ከነአሰልጣኛቸው፣ ከአስመራም ይምጡ ከአዲስ አበባ፣ በአንድ ድንጋይ ላይ መቅረጽ አንድ ክለብ ለአንድ የውጭ በረኛ ከሚከፍለው አይበልጥም። ድሬዳዋም የራሷን ትጻፍ። ፌዴሬሽኑ ከወመዘክር የዚያን ጊዜ ጋዜጦች አስገልብጦ አንድ ክፍል ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ለሙዚየም የሚሆን ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልገውም።

የማይጠብቀው ደግሞ ሰዉ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ አሥር ጎል ያለው መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 አረፈ። ኢታሎ ቫሳሎ በ2013 ተከተለው። ሉቺያኖ በ2015 መስከረም ሮም ላይ በ87 ዓመቱ ዓይኑን ከደነ። ያንን ዋንጫ በእጁ የተቀበለ ሰው የለም። ያየ ግን አለ፤ ውጭ ቆሞ የሰማም አለ።

ወደዚያች እሁድ ልመለስ። ጨዋታው አልቆ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ወጣቱ አልሄደም። «ጋሼ፣ ውጭ ሆነው ከሰሙ ማን እንዳሸነፈ እንዴት አወቁ?» አላቸው።

«ቆጠርኩ» አሉት። «ግብፅ ስታገባ ስታዲየሙ ጸጥ ይላል። እኛ ስናገባ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጊዜ ጸጥ አለ። አራት ጊዜ ተንቀጠቀጠ።»

«የት ጋ ቆመው?»

አዛውንቱ ሂሳብ ከፈሉ፤ ከዘራቸውን አነሱና ተነሱ። ሦስታችንም ወጣን። መንገዱን ተሻግረን በአጥሩ በኩል ትንሽ ሄድን። ካርድ የሚሸጥ ልጅ ጃንጥላውን ተክሎ የተቀመጠበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ግራና ቀኝ አዩ፤ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ተመለሱ።

«እዚህ ጋ» አሉ፣ አስፋልቱን በከዘራቸው ነካ አድርገው። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ መሬቱን ፎቶ አነሳው። ካርድ ሻጩ ምን ጠፍቷቸው ነው ብሎ እግሩን ሰበሰበ።